ዋስ የሌለው ዋስትና
የስልክ ባትሪና የይፋት ቆላ ገዢ

በቀድሞ ዘመን ሰው በሬ ወይም በቅሎ ሲገዛ እንዲያው ዋጋ ከፍሎ አይሄድም ነበር። ጥርሱን ያያል፤ ሰኰናውን ያነሣል፤ አስጠምዶ ይሞክራል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ እንኳ ሻጩን «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ዋስ የሚሆነውም ሰው ከሩቅ የመጣ ሳይሆን በዚያው አገር ቤቱና ዘመዱ የሚታወቅ ነው። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ባለቤቱ ቢመጣ ወይም የተሸሸገ ሕመም ቢገኝበት፣ ገዢው ብዙ ሳይንከራተት የዚያን ዋስ ደጅ ያንኳኳል። ዋስትና የሚለው ቃል የወጣው «ዋስ» ከሚለው ነው፤ ትርጓሜውም በመጀመሪያ ሰው እንጂ ወረቀት አልነበረም።

በዛሬው ዘመን ከስማርት ስልክ ጋር በካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው ወረቀትም ስሙ ዋስትና ነው፤ በገበያው አነጋገር «ዋራንቲ» ይባላል። ይሁን እንጂ ስልኩን በሸዋ ሮቢት የገዛ ሰው፣ ባትሪው በሦስተኛው ወር አብጦ የቀፎውን ጀርባ ቢከፍተው፣ «የዚህ ወረቀት ዋሱ ማነው? ደጁስ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አጥጋቢ መልስ ማግኘት ይቸግረዋል። ዛሬ ልናትት ያሰብነው ይህንኑ ነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የንግድን፣ የሕግንና የርቀትን ጉዳይ ባንድነት የያዘ ሆኖ ይገኛል።

ስልክ ሲሞት የሚቋረጠው ምንድነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእጅ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ ነበር። ባትሪው ቢደክም ባለቤቱ የኋላውን ክዳን በጥፍሩ ከፍቶ ሌላ ይተካበት ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ነገር ተለውጧል። ባትሪው በሙጫ ተጣብቆ በቀፎው ውስጥ ታሽጓል፤ የስልኩም ሥራ በዝቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን በስልኩ ይልካል፤ በስልኩ ይቀበላል። በይፋት ቆላ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርተው ገበሬ የአዲስ አበባን ዋጋ የሚጠይቀው በስልክ ነው። ደላላውና የጭነት መኪናው ሾፌር የሚቃጠሩት በስልክ ነው። ዐረብ አገር ለሥራ የሄደችው ልጅም መልኳ ለእናቷ የሚታየው በዚያው መስታወት ላይ ነው። ስለዚህ ባትሪው ሲሞት የሚቋረጠው ወሬ ብቻ ሳይሆን ገበያውም፣ ገንዘቡም፣ ዘመዱም ነው። እርግጥ ነው፣ የቴሌብር ሒሳብ የተያዘው በስልክ ቍጥሩ ስለሆነ ሲም ካርዱን በሌላ ቀፎ አስገብቶ ገንዘቡን ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን በቤቱ ትርፍ ቀፎ ያለው ገበሬ ስንት ነው?

በዚህ ላይ የዋጋው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስልክም ሆነ የስልክ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ጥሎ ሌላ መግዛት ቀድሞም ለብዙው ሕዝብ ከባድ ነበር፤ አሁን ይልቁን ከብዷል። ዋስትናው በእውነት የሚሠራ መሆን አለመሆኑ ለአንድ ቤተ ሰብ የወራት ገቢ ጉዳይ ነው።

ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። መንገደኛው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን ደብረ ብርሃንን በብርድ አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ፣ በደብረ ሲና በኩል ቍልቍል ሲወርድ ጋቢውን እያወለቀ ይሄዳል። ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ መድረሱ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። አንዱ ታዋቂ ስልክ ሠሪ፣ አፕል ኩባንያ፣ ስልኩ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ቢውል የባትሪው ዐቅም ለዘለቄታው ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እንግዲህ የኩባንያው የማስጠንቀቂያ ወሰን የይፋት ገበሬ ተራ ቀን ነው ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የባትሪውን ሥሪት ማወቅ ይጠቅማል። በስልካችን ውስጥ ያለው ሊትየም አዮን የሚባለው ዐይነት ነው። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው፤ ለዚሁ ጥበብ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ባትሪው በውስጡ ሁለት ስስ ንጣፎች አሉት፤ በመካከላቸው ከጠጉር የቀጠነ መለያ አለ፤ ሁሉም እሳት ሊይዘው በሚችል ፈሳሽ ተነክሯል። ሙቀት ሲበዛ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይበላሽና ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም መውጫ ስለሌለው ከረጢቱን ይነፋዋል። አበጠ የምንለው ይህን ነው። መለያው የተቀደደ እንደ ሆነ ግን ሁለቱ ንጣፎች ተነካክተው እሳት ይነሣል።

ከባለሙያዎች ዘንድ የተገኘው ስሌት ደግሞ ይህ ነው። ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሙቀት ዓመት ቢቆይ ከዐቅሙ 80 በመቶ ያህሉ ይቀርለታል። በ40 ዲግሪ ቢቆይ ግን የሚቀርለት 65 በመቶ ያህል ነው። ያው ባትሪ በዚያው በ40 ዲግሪ ሙቀት ሳለ 40 በመቶ ብቻ ተሞልቶ ቢቀመጥ 85 በመቶው ይተርፋል። ከዚህ የምንማረው ባትሪን የሚጎዳው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ሙቀትና ሙላት ሲገናኙ መሆኑን ነው። ስለዚህ በቆላ አገር ስልክን ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ ማሳደር፣ ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ ቻርጅ ማድረግ፣ ወይም በቆመ መኪና መስታወት ሥር ትቶ መሄድ የባትሪን ዕድሜ በገዛ እጅ ማሳጠር ነው። በጥላ ሥር መሙላት፣ 80 በመቶ ግድም ሲደርስ መንቀል፣ ሲሞላም ወፍራም ልባሱን ማውለቅ ገንዘብ የማያስወጣ መከላከያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

እርጅና ሌላ፣ ጉድለት ሌላ

ዋስትና ጠያቂና ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚጣሉት እርጅናንና ጉድለትን ባለመለየት ነው። ማናቸውም ባትሪ ያረጃል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያው የሚገባ ስልክ ባትሪ 800 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ቢያንስ 80 በመቶ ዐቅሙን እንዲይዝ አዟል። ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚደክም ባትሪ አገልግሎ የደከመ እንጂ ጉድለት ያለበት አይደለም። በአንጻሩ በተገዛ በጥቂት ወር 30 በመቶ እያሳየ ድርግም የሚል፣ ሳይሠሩበት የሚግል ወይም የሚያብጥ ባትሪ የጉድለት ምልክት አለበት።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በባትሪው ላይ ከመጣል በፊት መመርመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ በሌላ ቻርጀርና በሌላ ገመድ መሞከር ነው። ቀጥሎ የመሰኪያው ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኖ እንዳይሆን ማየት ነው፤ የቆላው አቧራ ብዙ ስልክ «አልሞላም» አሰኝቷል። ከዚያም በስልኩ መቼት ውስጥ ኃይል የሚጨርሰው መተግበሪያ የትኛው እንደ ሆነ መመልከት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ነገሩ ካልተሻሻለ ጥርጣሬው በባትሪው ላይ ይወድቃል።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣበት አንድ ነገር አለ። ስልኩ እንደ ታመመ የሚወሰደው በቅርብ ወዳለው ሞባይል ጠጋኝ ነው። በየከተማው በዚህ ሙያ የተሰማሩት ወጣቶች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ እነርሱ ባይኖሩ ስንቱ ስልክ ተጥሎ በቀረ! ነገር ግን የዋስትናው ጊዜ ያላለፈበት ስልክ በእነርሱ እጅ አንድ ጊዜ ከተከፈተ፣ ኩባንያው «ከእኛ ውጭ ተከፍቷል» ብሎ ዋስትናውን መሻሩ የተለመደ ነው። በውኃ የገባና ወድቆ የተሰበረም እንዲሁ ከዋስትና ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መለወጥ አለበት፤ ገዢው በመጀመሪያ ወደ ሻጩ፣ ዋስትናው ካለፈ ወይም ካልተቀበሉት በኋላ ወደ ጠጋኙ መሄድ ይገባዋል። ጠጋኙም በበኩሉ «ዋስትና አለው ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ ባይከፍት ለሙያው ክብር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ዋስትና ማለት የኩባንያው ችሮታ ይመስለዋል። አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቍጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ የሆነና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኀላፊ መሆኑን ደንግጓል። ገዢውም በፋንታው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ክስ የሚያስፈልግ ቢሆን ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ፣ ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ውል ወይም ሕግ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ነጋዴውም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ አስገድዷል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ሕጉ ተጠያቂ ያደረገው ሻጩን ነው። «ኩባንያውን ጠይቅ፤ እኔ አይመለከተኝም» የሚለው የሱቅ መልስ ከሕጉ ጋር አይስማማም። ገዢው ውል የገባው ባሕር ማዶ ካለው ፋብሪካ ጋር ሳይሆን በሮቢት አደባባይ ሱቅ ከከፈተው ነጋዴ ጋር ነው። የቀድሞው ዋስ ጠፋ ብለን ነበር፤ ሕጉ ግን ዋሱን እዚያው ገበያ ውስጥ አቁሞት ኖሯል።

ታዲያ ዋሱ የማይታየው ስለ ምን ነው? መልሱ ባጭሩ ደረሰኝ ነው። ስልኩ ያለ ደረሰኝ ከተሸጠ ማን ሸጠው፣ መቼ ተሸጠ የሚለው ሁሉ ወሬ ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ለሻጩም መፍረድ ይገባናል። የሸዋ ሮቢቱ ባለሱቅ ስልኩን ከአዲስ አበባ መርካቶ ከአከፋፋይ ሲያመጣ እርሱም ራሱ ደረሰኝ ያላገኘ እንደ ሆነ፣ ለገዢው የለወጠው ስልክ ኪሳራ በእርሱ ላይ ይቀራል። በኮንትሮባንድ የገባ ሲሆን ደግሞ ከቶ ወደ ላይ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ስለዚህ ችግሩ በአንድ ሱቅ የተወሰነ አይደለም፤ ከአስመጪው እስከ ቸርቻሪው በተዘረጋው ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲጎድል ሸክሙ ሁሉ በመጨረሻው ሰው፣ ይኸውም በገዢው ላይ ይወድቃል።

ሩቁ መንገድና ያበጠው ባትሪ

ደረሰኝ አለ እንበል፤ ሻጩም ቅን ሰው ነው እንበል። አሁንም የርቀቱ ነገር ይቀራል። ትራንሽን የሚባለው የቻይና ኩባንያ ቴክኖ የተባሉትን ስልኮች ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገራችን ሲገጣጥም ቈይቷል፤ ካርልኬር በሚል ስምም የጥገናና የዋስትና አገልግሎት ይሰጣል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ዋሱ ባሕር ማዶ ሳይሆን በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሆኗልና። ነገር ግን ከይፋት ቆላ ለተነሣ ሰው አንድ ቀን መሄጃ፣ ሌላ ቀን መመለሻ፣ በመካከሉም የማደሪያና የምግብ ወጪ አለ። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭትም ያው የደሴ መንገድ በየጊዜው ተቋርጧል። ለዚህ ሰው የአዲስ አበባው ዋስትና ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ዐይነት ነው።

«ታዲያ በአውቶቡስ ሾፌር ይላካ!» የሚል ይኖራል። ለደኅና ስልክ ይሆናል። ያበጠ ባትሪ ያለበት ስልክ ግን በሕዝብ መኪና ውስጥ ከዕቃ ጋር ታጭቆ መሄድ የሚገባው ነገር አይደለም። ሳምሰንግ ኩባንያ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ በኦገስት 2016 እ.ኤ.አ. ባወጣ ጊዜ ባትሪው እየተቃጠለ ስላስቸገረ፣ በሴፕቴምበር 2.5 ሚሊዮን ያህሉን እንዲመለስ ጠራ፤ በምትኩ የተሰጡትም በመቃጠላቸው በኦክቶበር ማምረቱን ጨርሶ አቆመ። በጃንዋሪ 2017 በታወቀው ምርመራ የመጀመሪያው ባትሪ ጥጉ ተጣሞ፣ ከሌላ አምራች የመጣው ሁለተኛው ደግሞ በብየዳ ጉድለት መበላሸቱ ተገልጿል። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ትምህርት ግን አመላለሱ ነው፤ ኩባንያው ለገዢዎች እሳት የሚቋቋም ልዩ ሣጥን ላከ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ስልኩ በአውሮፕላን እንዳይሳፈር ከለከለ። በአገራችንም አየር መንገድ ላይ የደረሰውን እናስታውሳለን። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂዝሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው ቦይንግ 787 አውሮፕላን በእሳት የተጎዳው ከኋላው በነበረ የአደጋ ጊዜ ምልክት መስጫ ትንሽ የሊትየም ባትሪ ምክንያት መሆኑን የእንግሊዝ መርማሪዎች አረጋግጠዋል። የባትሪው ዐይነት ከስልክ ባትሪ የተለየ ቢሆንም፣ ትንሽ ባትሪ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያል።

ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል። ዋስትና ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ላበጠ ባትሪ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ከቦታው መነቃነቅ የማይገባውም ያበጠው ባትሪ ነው። ዋስትናውን ለማግኘት ዕቃውን አዲስ አበባ ድረስ አምጣ የሚል ደንብ፣ በጣም የተቸገረውን ሰው አስቀድሞ የሚያስቀር ደንብ ነው። ባትሪ ወደ ዋሱ መሄድ ካልቻለ ዋሱ ወደ ባትሪው መምጣት አለበት።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ገዢው የራሱን ድርሻ ይወጣ። ስልክ ሲገዛ *#06# ብሎ ቢደውል አይ ኤም ኢ አይ የሚባለው ባለ 15 አኀዝ መለያ ቍጥር በመስታወቱ ላይ ይታያል፤ ይህ ቍጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በደረሰኙም ላይ ከቀኑ ጋር እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ከውጭ አገር የመጣ ስልክ ዋስትናው በአብዛኛው በተሸጠበት አገር ብቻ የሚሠራ መሆኑን አውቆ ይግዛ። የመጀመሪያዎቹን 15 ቀናት የፈተና ቀናት ያድርጋቸው፤ ሲሞላ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያገለግል ይመልከት። ጉድለት ያየ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ለሻጩ በጽሑፍ ያስታውቅ፤ አንዱን ቅጂ ለራሱ ያስቀር። ሻጩ እምቢ ቢል ወረቀቶቹን ይዞ በከተማው ወዳለው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ይሂድ።

ባትሪው ያበጠበት ሰው ስልኩን ያጥፋ፤ ቻርጅ አያድርግ፤ በመርፌ ቀድዶ ጋዙን ላስወጣ አይበል፤ በኪሱም በትራሱም ሥር አያኑረው። ሕፃናት በማይደርሱበት፣ ጭድና እንጨት በሌለበት ቦታ፣ በድንጋይ ወይም በደረቅ አሸዋ ላይ አስቀምጦ ለሻጩ ያስታውቅ። ከቤት ጥራጊ ጋርም መጣል የለበትም፤ ጥራጊው ሲቃጠል አብሮ ይፈነዳልና።

ነጋዴውም ስልክ በሚያመጣበት ጊዜ ከአከፋፋዩ ደረሰኝና የዋስትና ውል ይጠይቅ። እንዲህ ሲሆን ለገዢው ዋስ ሆኖ ሲቆም ለእርሱም ከበላዩ ዋስ ይኖረዋል። ደረሰኝ የሚሰጥና ጉድለት ያለበትን የሚለውጥ ሱቅ ደንበኛው እንደሚበዛለትም አያጠራጥርም፤ በትንሽ ከተማ መልካም ስም ከማስታወቂያ ይልቅ ይሸጣል።

ኩባንያዎቹና አስመጪዎቹ ግን ከሁሉ የበለጠ ዕዳ አለባቸው። በየወረዳው ትልቅ መጠገኛ ይክፈቱ ማለታችን አይደለም። በሸዋ ሮቢትና እንደ እርሷ ባሉ የመንገድ ከተሞች ካሉት ጠጋኞች መካከል አንድ ሁለቱን አሠልጥነው ቢወክሏቸው፣ እውነተኛ ባትሪ ቢያስቀምጡላቸውና በዋስትና የለወጡትን ቢከፍሏቸው ነገሩ በአንድ ጊዜ ይቀላል። ገበሬው ሁለት ቀን አይንከራተትም፤ ወጣቱ ሥራ ያገኛል፤ ያበጠው ባትሪም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ በሚያውቅ እጅ ይወጣል። የንግድ መሥሪያ ቤቶችም ስልክ የሚያስመጣን ነጋዴ «ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው ገዢ ዋስህ ማነው?» ብለው ሊጠይቁት ይገባል።

ስልክ በቆላም በደጋም ይሸጣል፤ ዋጋውም ለሮቢት ገዢ አይቀነስለትም። እኩል ዋጋ የከፈለ ሰው እኩል ዋስትና ማግኘት አለበት። ሕጉ ዋሱን በገበያው ውስጥ አቁሞታል። የቀረው ገዢው ደረሰኙን ይዞ ደጁን ሲያንኳኳ በሩን የሚከፍት ሰው ማግኘቱ ነው።